ታርያ፣ አኔት ወይስ ፍሎር?

ወንድማለም፣ «ከናይትዊሽ ሦስት ዘፋኞች ማን ትበልጣለች? ለጀማሪስ ከየትኛው አልበም ይሻላል?» ብለህ ጠይቀሃል። መድረክ ላይ ፍሎርን የሚስተካከል የለም። መጀመር ያለብህ ግን ከታርያ ዘመን፣ ከ2004ቱ «ዋንስ» አልበም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠር)። እኔ እዚህ ደሴ ይሄን የፊንላንድ ሜታል ባንድ ስሰማ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤቶቼ ለምደውታል፤ ወይ ተስፋ ቆርጠዋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዝ። ዘፋኞቹ ቢቀያየሩም አብዛኛውን ዘፈን የሚደርሰው ያው ሰውዬ ነው፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቱኦማስ ሆሎፓይነን። ባንዱን በ1996 ፊንላንድ ውስጥ ኪቴ በምትባል ትንሽ ከተማ የመሠረተውም እሱ ነው። የወሎ ሰው ይሄ አይከብደውም። አምባሰልን ማሪቱ ለገሰ ስትለውና የሠርግ ቤት አዝማሪ ሲለው ቅኝቱ ያው ነው፤ ሆድ የሚያባባው ግን ለየቅል ነው።

ታርያ ቱሩነን ክላሲካል ድምፅ የተማረች ናት። በ1998ቱ «ኦሽንቦርን» ከበሮውና ጊታሩ ሲጋልቡ እሷ ከላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቃሉን ለመያዝ ግን ግጥሙን ከፍተህ ማንበብ ግድ ነው። በ2001 ማርኮ ሂየታላ ቤዝ ይዞ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ሻካራ የወንድ ድምፅ ከእሷ ጋር መቀባበል ጀመረ። ብዙ ሰው ዘመኑን በሴቶቹ ብቻ ይቆጥራል፤ እኔ የማርኮን መምጣት እንደ አንድ ዘመን ነው የማየው። «ዋንስ» ላይ የለንደን ኦርኬስትራ ሲጨመርበት ሁሉም ነገር ገጠመ። ከዚያ በጥቅምት 2005 ሄልሲንኪ ላይ ትልቅ ኮንሰርት አቅርበው እንደጨረሱ በደብዳቤ አሰናበቷት። ደጋፊው እስከ ዛሬ ይነታረክበታል፤ እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።

ስዊድናዊቷ አኔት ኦልዞን በ2007 መጣች። ያልተሰደበችው ስድብ የለም። የታርያን ዘፈኖች መድረክ ላይ ስትዘፍን ይከብዳት ነበር፣ እውነት ነው። ግን ለሌላ ጉሮሮ የተጻፈ ዘፈን አሸክሞ መፍረድ ምን ይባላል? እሷን መመዘን ከፈለግህ የ2011ዱን «ኢማጂነረም» ስማ። እዚያ ውስጥ ቀስ የሚል፣ የጃዝ ቤት የሚሸት ዘፈን አለ። አኔት እንደ ተረት ነጋሪ ታወራልሃለች። ታርያ ያንን ብትዘፍነው እንዲህ አይጥመኝም።

ሆላንዳዊቷ ፍሎር ያንሰን በ2012 አኔት በጉብኝት መሀል ስትለይ በጥድፊያ ተጠርታ ሲያትል ላይ መድረክ ወጣች። በቀጣዩ ዓመት ቋሚ አባል ሆነች። ይቺ ሴት ኦፔራውንም፣ ሮኩንም፣ ጩኸቱንም ትችላለች። በ2013 ጀርመን ቫከን የሚባለው የሜታል ፌስቲቫል ላይ «ጎስት ላቭ ስኮር»ን የዘፈነችበትን ቪዲዮ፣ ከባቲና ከትዝታ ውጪ ሙዚቃ ለማያውቅ ጓደኛዬ አሳየሁት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ «አቦ መልሳት!» አለኝ።

ስቱዲዮ ውስጥ ግን ቱኦማስ ያን ሁሉ አቅም የተጠቀመበት አይመስለኝም። በ2015ቱ አልበም ብዙውን ጊዜ ለስለስ አድርጎ ያዘፍናታል። የመዝጊያው 24 ደቂቃ ዘፈን ግሩም ነው፤ ሪቻርድ ዳውኪንስ የሚባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ እየተናገረበት ጭምር። በ2020ው አልበም ደግሞ ኅብረ ዝማሬው ይጫናታል። ማርኮ በ2021 መጀመሪያ ከወጣ በኋላ ያ የመቀባበል ነገር ጎደለ፤ በ2024ቱ «የስተርዊንድ» ላይ ክፍተቱ ይሰማኛል።

ስለዚህ «ዋንስ»ን አስቀድም፣ «ኢማጂነረም»ን አስከትል፣ ከዚያ የቫከኑን ቪዲዮ እይ። «ኦሽንቦርን»ን ጆሮህ ሲለምድ ትመለስበታለህ። በሞባይል ስፒከር እንዳትሰማው ብቻ፤ ኦርኬስትራው ድራሹ ይጠፋል። ቪዲዮው ከ10 ደቂቃ በላይ ስለሆነ በሌሊት ፓኬጅ አውርደው።