ጌም ማሽኑ ስለ ልጆቻችን ምን ያውቃል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ፕሌስቴሽንና ኤክስቦክስ ናቸው። ወላጆችን የሚያሳስባቸው ልጆቹ የሚያጠፉት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ ከቤታቸው ምን መረጃ እንደሚወስድም ነው። ተገቢ ስጋት ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ዓመቱ ነው። የኤክስቦክስ አካውንት ስንከፍትለት ታላቅ ወንድሙ «ትክክለኛ ዕድሜውን ከሞላን ብዙ ነገር ይከለክለዋል» ብሎ 18 ዓመት አስመሰለው። ችግር አለው? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ አስተካክሉት። አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የወጣ ኮፓ የሚባል ሕግ አለ። አንድ ኩባንያ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ የግል መረጃ በኢንተርኔት ከመሰብሰቡ በፊት ለወላጅ አሳውቆ ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። ልጁን አዋቂ ስታስመስሉት ይህ ከለላ ይቀርበታል። ኩባንያውም «18 ነኝ ብሎኛል» የሚል መልስ ያገኛል።

እርግጥ ዕድሜው በትክክል ተሞልቶም ጥፋት ተፈጽሟል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የኤክስቦክስን አምራች ማይክሮሶፍትን ከስሶ፣ ኩባንያው በጁን 2023 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የክሱ ዝርዝር ያስቆጣል። ልጁ ከ13 በታች መሆኑን ከተናገረ በኋላም ስልክ ቁጥር ይጠየቅ ነበር። እስከ 2019 ድረስ ደግሞ መረጃውን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ማጋራት የሚፈቅደው ሳጥን ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ነው የሚቀርብለት። ወላጅ የሚጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር። ወላጁ ምዝገባውን ሳይጨርስ ቢተወውስ? ከ2015 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት የልጁ መረጃ እዚያው ይቀመጥ ነበር፤ አንዳንዱም ለዓመታት። አሁን ወላጅ ካልፈቀደ መረጃው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲጠፋ ታዟል። ይህ ትእዛዝ ግን የሚጠቅመው ልጅ ተብሎ የተመዘገበን ልጅ ነው።

ስለዚህ የልደት ቀኑን አስተካክለው ልጁን በእርስዎ ሥር ባለው ፋሚሊ ግሩፕ (ወላጅ የልጁን አካውንት የሚቆጣጠርበት የቤተሰብ ቡድን) ውስጥ ያስገቡት። ወንድሙ የፈራው ክልከላም መላ አለው። የፈለጉትን አንድ በአንድ መክፈት የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ የፕሌስቴሽን 5 ጆይስቲክ ማይክ አለው አሉ። ሳሎን ውስጥ የምናወራውን ሌላ ሰው ይሰማል? (አባት፣ ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ልጁ ከሌሎች ጋር በድምፅ እያወራ የሚጫወት ከሆነ፣ አዎ፣ ሊሰማ ይችላል። ማይኩ ጆይስቲኩ ላይ ስለሆነ ሄድፎን አለማድረጉ አያድናችሁም። እናቱ ከጎኑ ተቀምጣ ስለ ሕመሟ በስልክ ብታወራ፣ ወሬው የማታውቀው ልጅ ጆሮ ይገባል። ፕሌስቴሽን 5 በተጨማሪ የፓርቲ ቻትን (ተጫዋቾች በቡድን የሚያወሩበትን) የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ይይዛል። ይህን የሚያደርገው አንድ ተጫዋች ስድብ ወይም ማስፈራሪያ ሲሰማ ቆርጦ ሪፖርት እንዲያደርግበት ነው። ዓላማው ጥሩ ነው፤ የእናንተ ድምፅም አብሮ ሊገባ እንደሚችል ግን ማወቅ አለባችሁ።

ከፒኤስ ምልክቱ ሥር ትንሽ ቁልፍ አለች። ስትጫኗት ብርቱካናማ መብራት ይበራል። ብዙ ሰው መብራት ሲያይ ማይኩ የተከፈተ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው፤ ብርቱካናማው ሲበራ ማይኩ ተዘግቷል።

ልጁ ፎርትናይት የሚጫወት ከሆነ የጌሙንም ሴቲንግ እዩ። የፎርትናይት አምራች ኤፒክ ጌምስ በ2022 መጨረሻ በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ከተስማማባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ የልጆችን የድምፅና የጽሑፍ ቻት ከመጀመሪያው ክፍት አድርጎ ማቅረቡ ነበር። ልጆች ከማያውቋቸው አዋቂዎች ጋር ተገናኝተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ዝም አትበሉ፣ ጩኸት ይሠራል። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ኪኔክት የሚባለው ካሜራና ማይክ ካልተሰካ ማሽኑ አይሠራም ብሎ ነበር። ሰው አልቀበልም አለ። ኩባንያው በወራት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ፤ በ2014 ደግሞ ያለ ኪኔክት መሸጥ ጀመረ።

ጥያቄ፦ ፕሌስቴሽን 4 ልሸጥ ነው። ጌሞቹን አጥፍቻለሁ፣ ይበቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበቃም። አካውንትህ፣ መልእክቶችህ፣ ካርድ አስገብተህ ከሆነም የመግዣው መንገድ ገና እዚያው ነው። መጀመሪያ በአካውንት ማኔጅመንት ገብተህ ማሽኑ የአንተ «ፕራይመሪ» (ዋና ማሽን) መሆኑን ሰርዝ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «ኢኒሻላይዜሽን» (ማሽኑን አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚያደርገውን) ከፍተህ ሙሉውን ምረጥ፤ ፈጣኑን አይደለም። ሰዓታት ይወስዳል፣ ታገስ። ሸጠኸው ከሆነ ፓስወርድህን ቀይርና ከሁሉም ማሽን ውጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰፈር ያለው ፕሌስቴሽን ቤት ሄዶ በራሱ አካውንት ይገባል። ልከልክለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጨዋታውን አይደለም፣ አካውንቱን ይተው። በፕሌስቴሽን ቤቱ አካውንት ይጫወት። የግድ ከሆነም ካርድ የሌለበት አካውንት ይሁን፣ ሲወጣም ስሙን ከማሽኑ ይሰርዝ።

ጥያቄ፦ ኩባንያው ስለ እኔ የያዘውን ማየት እችላለሁ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ መብትዎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ኩባንያው ስለ እርስዎ የያዘውን ቅጂ፣ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ፣ እንዲሰጥዎ ያስገድዳል። በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የላኩበትን ቀንም ያስቀምጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፕሌስቴሽን 5 ያላችሁ ደግሞ መልሱ እስኪመጣ ሴቲንግ ውስጥ «ዩዘርስ ኤንድ አካውንትስ»፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ»፣ ከዚያ «ዳታ ዩ ፕሮቫይድ» የሚለውን ክፈቱና የተወሰነ መረጃ ብቻ እንዲላክ ምረጡ። ልጆቻችሁ የየራሳቸው አካውንት ካላቸው በእያንዳንዱ ገብታችሁ ድገሙት።