መውጫውን ሳትመርጡ አትግቡ

ጉዞ ለምትወዱ ወጣቶች፣

በማታውቁት ትልቅ ከተማ የሁለት ሰዓት ትርፍ ጊዜ ካገኛችሁ መናፈሻ ግቡ። ብዙ ጊዜ በነፃ ነው፤ የከተማውም ሰው ሳይቸኩል የሚታየው እዚያ ነው። ችግሩ፣ አብዛኛው እንግዳ እግሩ ወደመራው ይገባና ካሰበው ሠፈር በተቃራኒ በኩል ይወጣል። በእሱ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ መንገዱ አቅጣጫ እንዲያስረሳ ታስቦ የተሠራ ነው።

የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ተመልከቱ። በ1858 እ.ኤ.አ. የንድፍ ውድድሩን ያሸነፉት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ የከተማውን ቀጥ ያለ የመንገድ መረብ ትተው መንገዱን ሆን ብለው አጠማዘዙት። ዳር ዳሩን ዛፍ ተከሉ፤ ፓርኩን የሚያቋርጡትን አራት የተሽከርካሪ መንገዶች ደግሞ እንዳይታዩ ከመሬቱ ዝቅ አደረጓቸው። (ኦልምስቴድ ራሱ በ1850 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በእግሩ ሲጓዝ የበርከንሄድን መናፈሻ አይቶ የተደነቀ መንገደኛ ነበር።) እንዲህ ያለው መንገድ ቀስ እያለ ስለሚታጠፍ ሩብ ዙር ስትዞሩ እንኳ አይታወቃችሁም።

ስለዚህ በሩ ላይ ቁሙና የካርታውን ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የበሩ ስምና የመዝጊያው ሰዓት አብረው ይግቡ። የምትወጡበትን በር ምረጡ። ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች ልብ በሉ። ስልኩ ያሳየኛል ብላችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ የሳተላይቱ ምልክት ከረጃጅም ሕንፃዎች እየተንፀባረቀ፣ በቅጠልም እየደከመ ያለ ቦታችሁ ሊያሳያችሁ ይችላል። መንገድ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ያቺ ትንሽ ስህተት ሩቅ ትወስዳለች።

በሴንትራል ፓርክ መብራት ምሰሶዎች ላይ አራት አሃዝ የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ብዙ ጎብኚ አያያትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች በአቅራቢያ ያለውን ጎዳና ይነግራሉ፤ መጨረሻው ሙሉ ቁጥር ሲሆን ምሥራቅ፣ ጎዶሎ ሲሆን ምዕራብ ነው። 7204 ካነበባችሁ በ72ኛው ጎዳና አካባቢ፣ በምሥራቅ በኩል ናችሁ። በሌላ ከተማም ብትሆኑ እንዲህ ያለ ምልክት እንዳለ የጥበቃ ሠራተኛ ጠይቁ።

ጊዜውንም አስሉ። ፓርኩ ከደቡብ እስከ ሰሜን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳይቆሙ የሚሄዱ ሰዎች በ50 ደቂቃ ግድም ይጨርሱታል፤ እያየ፣ እየተቀመጠ የሚሄድ ግን ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። እዚያ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ክፍት ነው። የፓሪሱ ሉክሰምበርግ መናፈሻ ግን በአጥር የተከበበ ስለሆነ ሲመሽ በሮቹ ይቆለፋሉ፣ ሰዓቱም እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ ጠባቂዎቹ ፊሽካ እየነፉ ሰውን ያስወጣሉ። ፊሽካውን ስትሰሙ ወደ መረጣችሁት በር ሳይሆን ወደ ቅርቡ ሂዱ።

ዋናውን መንገድ ስታቋርጡ ተጠንቀቁ። ሴንትራል ፓርክ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውስጥ መንገዶቹ ለመኪና ዝግ ስለሆነ እግረኛው ይዘናጋል፤ ብስክሌቱ ግን በፍጥነት ይመጣል፣ ያውም ድምፅ ሳያሰማ። ብስክሌቶቹ የሚዞሩት ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ነው። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ከመንገዱ ወጥታችሁ አንሱ።

አቋራጭ ግን አትውጡ። በሣሩ መካከል የተላጠች ቀጭን መስመር ስታዩ ሌላው ሄዶባታል ብላችሁ ትከተሏታላችሁ። ተጎንብሳችሁ እዩአት፦ አፈሩ ተጠቅጥቆ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል፣ የዛፉ ሥር ልጡ ተገፎ ወጥቷል። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃም አየርም አያስገባም፤ ዛፉ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ለዚህም ነው ለዕረፍት ስትቀመጡ ቀና ብላችሁ ማየት ያለባችሁ። ቅጠል የሌለው ደረቅ ቅርንጫፍ ከበላያችሁ ካለ፣ በተለይ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ሌላ አግዳሚ ወንበር ፈልጉ። ቦርሳችሁንም ከጎናችሁ አታስቀምጡ፤ ማንገቻውን በእግራችሁ አጥልቁት።