ለዶሮ መኖ ጉሮቢ ልግዛ ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ላይ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ አቀናብሬ እሸጣለሁ። በቆሎ፣ ፍሩሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ ኖራ፣ ጨው፣ ብቻ ወደ አስር ዓይነት ነው። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ስሌቱን በወረቀት ስሠራ አመሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ጉሮቢ ወይም ሲፕሌክስ ግዛ፣ ራሱ ያወጣልሃል» ይለኛል። የሚሸጠው ደግሞ በዶላር ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ አትግዛ።

ጉሮቢና ሲፕሌክስ ከብዙ አማራጭ ውስጥ በትንሹ ዋጋ የሚሆነውን የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ልጁ አልተሳሳተም፣ ሁለቱም ስመ ጥር ናቸው። ሲፕሌክስን የጀመረው ሮበርት ቢክስቢ ነው፣ ዛሬ የአይቢኤም ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ጉሮቢን መሠረተ። ጉልበታቸው የሚታየው ግን አየር መንገድ የትኛውን አውሮፕላን የት ልላክ እያለ በሺህ የሚቆጠር «አዎ ወይስ አይ» ሲወስን ነው። ያንተ የኪሎ ጉዳይ ነው፣ 47 ኪሎ ተኩልም ቢወጣ ትመዝነዋለህ፤ ይሄ ቀላሉ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የሒሳብ ሊቁ ዳንትዚግ የስሌት ዘዴ፣ ሲምፕሌክስ የሚባለው (ከሶፍትዌሩ ከሲፕሌክስ ጋር እንዳታምታታው)፣ ሲፈተሽ የተሰጠውም የምግብ ጥያቄ ነበር፦ 77 የምግብ ዓይነት፣ 9 መስፈርት፣ በትንሹ ዋጋ። በእጅ ተሠርቶ 120 ያህል የሰው የሥራ ቀን ፈጀ። ዛሬ ኤክሴል ውስጥ ያለው ሶልቨር የሚባል የስሌት መሣሪያ እስከ 200 ተለዋዋጭ ይቀበላል፣ ያንተ ተለዋዋጭ የእያንዳንዱ መኖ ኪሎ ነው፤ «ሲምፕሌክስ ኤልፒ» የሚለውን ምረጥና የአንተን በቅጽበት ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ልጁ በተማሪነቱ በነፃ የሚያገኘው የጉሮቢ ፈቃድ ለትምህርትና ለምርምር ብቻ ነው፣ ለንግድህ እንዳትጠቀምበት። ከኤክሴል ውጪ ከፈለግህ ሃይስ (HiGHS) የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል።

አሁን ወደ ዋናው። በቆሎህ ከመቶ 9፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎህ ከመቶ 44 ፕሮቲን ካላቸው፣ 80 ኪሎ በቆሎና 20 ኪሎ ፋጉሎ ከመቶ 16 ይሰጡሃል፣ ለጣይ ዶሮ ደህና ነው። ፋጉሎው 38 ሆኖ ቢገኝስ? ያው ድብልቅ ከ15 በታች ይወርዳል፣ ሶፍትዌሩ የሺህ ዶላርም ይሁን የነፃ አያውቅልህም። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ለኖራው ጣሪያ፣ ማለትም ከዚህ አይበልጥ የሚል ገደብ፣ ሳላስቀምጥ ቀረሁና፣ ርካሽ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ድብልቁን በኖራ ሞላው። ስለዚህ ለፕሮቲን ወለል (ከዚህ አይነስ የሚል ገደብ) ብቻ አይበቃም፤ ኃይል፣ ካልሲየም፣ አሰር፣ ጨው፣ እያንዳንዱ ወለልና ጣሪያ ይኑረው።

ሶልቨር ሲጨርስ የሴንሲቲቪቲ ሪፖርቱን ሳታይ እንዳትዘጋው። የኑግ ፋጉሎ ድብልቁ ውስጥ ካልገባ፣ በኪሎ ስንት ብር ቢቀንስ እንደሚገባ እዚያ ተጽፏል። ከነጋዴ ጋር ስትከራከር ይህን ቁጥር ይዘህ ሂድ፣ ትልቅ ነገር ነው።

ዶላር ፍለጋ የምትደክምበትን ገንዘብ ለላብራቶሪ አውለው። የሚቀጥለው ጭነት ሲገባ ከተለያየ ጆንያ ናሙና አውጥተህ አስመርምር፤ ውጤቱን ከእነ ዋጋው ላክልኝ፣ ሰንጠረዡን አብረን እንሞላዋለን።