ኩቴክስ ተቀብቶ መቁረብ ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያው ቤቴ ውስጥ የጎረቤት ሴቶችን ጥፍር እየሠራሁ፣ ኩቴክስ እየቀባሁ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ባለፈው ለማርያም ማኅበር ዳቦ ላቦካ ስል አንዲት እናት እጄን አይተው «ይሄ ኃጢአት ነው፤ ጸበልም ጥፍርሽን አያልፍ» ብለው ከለከሉኝ። እውነት ኃጢአት ነው? ተቀብቼስ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለቁርባን ስትዘጋጂ አስለቅቂው። ቀለሙ ስለሚያረክስሽ አይደለም፤ ሥጋውን ካህኑ በአፍሽ ያቀብልሻል፣ ደሙን በእርፈ መስቀል (በቅዱሱ ማንኪያ) ትቀበያለሽ፣ እጅሽ አይነካውም። (ሊፕስቲክ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ይዞ ፈጽሞ አይቀረብም።) ነጠላችንን ለብሰን የምንቆመው ልንታይ ስላልሆነ ጌጡ እቤት ቢቀር ይሻላል። ጥፍርሽን የምትሠሪውም ቀደም ብለሽ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይሁን። በቆረቡበት ቀን ጥፍር አይቆረጥም፤ የጥፍር ዙሪያ ቆዳ ሲነሣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይደማል፣ እየደማ የሚቆርብ የለም።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ጌጣችን ጠጉር መሸረብና ወርቅ ማንጠልጠል ሳይሆን የተሰወረ የልብ ሰው ይሁን ይላል። ይህን ይዞ ኩቴክስን ብቻ የሚኮንን ሰው አስቀድሞ ሹሩባውን ይፍታ። እናቶቻችን ተሸርበው ጥምቀት ሲወጡ፣ በክረምት እንሶስላ ሲሞቁ ማን ኃጢአተኛ አላቸው? የሚጠየቀው ልብሽ ነው፤ ለመታየት፣ ለመፎካከር፣ የልጆችን ጉርሻ ለጥፍር ለማዋል ከሆነ ያን ጊዜ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

የጸበሉ ነገር የእኛ ሥርዓት አይደለም። ውኃው ጥፍሩን መንካት አለበት የሚባለው በሙስሊም ወገኖቻችን ውዱእ (ከስግደት በፊት በሚታጠቡት) ነው። በሊጡ ግን እናትየዋ እውነት አላቸው፤ የተሰነጠቀ ኩቴክስ እየተላጠ ቡሖው ውስጥ ይገባል። አስለቅቀሽ፣ ጥፍርሽን አሳጥረሽ፣ በሳሙና ታጥበሽ አቡኪ።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ያልጠየቅሽኝ ነው። በአንድ መቁረጫ ስንት ሰው ትሠሪያለሽ? ቆዳ ስታነሺ የአንዷ ደም ብረቱ ላይ ይቀራል፣ ባይታይም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በሶፍት ጠርጎ ለቀጣይዋ መስጠት ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ አይደለም። ደንበኞችሽ የየራሳቸውን መቁረጫና ሞረድ ይዘው ይምጡ። ምላጭ ከሆነ ለአንድ ሰው ተጠቅመሽ ጣይው። የቆዳውን ጠርዝ ጨርሶ ባትቆርጪውም ጥሩ ነው፤ በሞቀ ውኃ አለስልሰሽ ወደ ኋላ ብትገፊው ይበቃል።

ሌላው ኩቴክስ የምታስለቅቂበት አሴቶን ነው። ትነቱ ራሱ በእሳት ይያያዛል። አንድ ክፍል ውስጥ ከሰሉ ቡና ተጥዶበት፣ ልጆች መሬት ላይ እየተጫወቱ ጠርሙሱን አትክፈቺ። መስኮቱን ክፈቺ፣ ከሰሉን በረንዳ አውጪ፣ ሻማና ጧፍም ካለ አጥፊ።

ሥራሽን አትፈሪበት፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በገዛ እጁ መልካምን እየሠራ ይድከም ያለው አንቺንም ይመለከታል። እሑድ ጠዋት ሙሽራ ብትመጣብሽ ግን ከቅዳሴ በኋላ ትምጣ በያት። አስራቱንም የኩቴክስና የአሴቶን መግዣውን ቀንሰሽ ከሚተርፍሽ ላይ አውጪ።