አባባ ማስታወስ ሲያቅታቸው የልብ ወለዱን ክፍል ሁለት ማን ይፈቅዳል?

ጥያቄ፦ አባቴ ከዓመታት በፊት ልብ ወለድ አሳትመዋል። ክፍል ሁለትን በረቂቅ እንደጀመሩ የመርሳት በሽታ ያዛቸው፤ አንዳንድ ቀን ደህና ናቸው፣ አንዳንድ ቀን እኔንም አይለዩኝም። ረቂቁን ጨርሼ ላሳትመው አስቤያለሁ። መነሻው አክስቴ ከቤተሰብ ደብቀው ስለወለዱት ልጅ ነው፤ ለአባቴ የጻፉት ደብዳቤም እንዳለ ገብቶበታል። ወንድሞቼ «አባባን አስፈርሚና ጨርሺው» ይላሉ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። አስቀድመው የመጀመሪያውን መጽሐፍ የኅትመት ውል ያንብቡ። አባትዎ የኢኮኖሚ መብታቸውን (ሥራውን የማባዛት፣ የመሸጥና መሰል መብቶችን) ለአሳታሚው ሙሉ በሙሉ አስተላልፈው ከሆነ ፈቃዱ ከአሳታሚው ነው የሚጠየቀው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም፤ ልጅ ደብቃ ስለወለደች ሴት ማንም መጻፍ ይችላል። ገጸ ባሕርያቱ ከነስማቸውና ከነታሪካቸው፣ የረቂቁም ዓረፍተ ነገሮች ግን የአባትዎ ሥራ ናቸው። ጥበቃው በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ትልቁ አደጋ ፊርማው ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 347 መሠረት፣ በፍርድ ያልተከለከለና (ፍርድ ቤት ውል የመዋዋል ችሎታውን ያልገደበውና) የአእምሮ ሕመሙ በሕጉ አነጋገር ግልጽ ያልሆነ (ለምሳሌ በሕመሙ ሆስፒታል ያልገባ) ሰው የፈረመው ውል የጸና ነው። በፈረመበት ሰዓት ነጻ ፈቃድ መስጠት አይችልም እንደነበር ከተረጋገጠ ግን ይፈርሳል። ስለዚህ ደህና የሆኑበትን ቀን ይጠብቁ። ሐኪም በዚያው ቀን መርምሯቸው ጉዳዩን እንደሚረዱ በጽሑፍ ይግለጽ። ብዙ ሰው የወራት ዕድሜ ያለው፣ «የመርሳት በሽታ አለባቸው» ብቻ የሚል ወረቀት ያያይዛል፤ እሱ በእርስዎ ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። ውሉ አጭር ይሁን፤ የትኛው ረቂቅ፣ ስንት ገጽ፣ በማን ስም እንደሚወጣ፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል ይጻፍበት። ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ ከመጽሐፉ ጥቅም የሌላቸው ምስክሮች ይፈርሙ፤ ከዚያም ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይረጋገጥ። ከዚህ ቀደም የተሰጠ ሙሉ ውክልና ቢኖርዎትም አይመኩበት፤ በዚሁ ሕግ ቁጥር 2232 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል።

ደህና ቀን ካልቀረላቸው ባለቤታቸው ወይም ዘመድ በቁጥር 353 መሠረት በፍርድ እንዲከለከሉና ሞግዚት እንዲሾም ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ። በአቤቱታው ረቂቁን በስሙ ጠቅሰው የማሳተም ፈቃድ ይጠይቁ፤ ሥራን ለሕዝብ ማውጣት የደራሲው የሞራል መብት በመሆኑ ስለ ንብረት ብቻ የሚናገር ትእዛዝ ክርክር ያስነሳል።

የአክስትዎ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ደብዳቤው የደረሰው ለአባትዎ ቢሆንም፣ በቁጥር 31 መሠረት ምስጢራዊ ደብዳቤ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ አይገለጥም፤ የአባትዎ ፊርማ የአክስትዎን ፈቃድ አይተካም። ስም መቀየርም አያድንም፤ ሰፈሩ ካወቃቸውና ክብራቸው ከተነካ በቁጥር 2044 ሊከሱ ይችላሉ። «ገጸ ባሕርያቱ ምናባዊ ናቸው» የሚለው ማሳሰቢያ ብቻውን አይከላከልልዎትም። እኔ ብሆን ውሉን ከማርቀቄ በፊት ምዕራፉን ይዤ አክስትዎ ዘንድ እሄድና ፈቃዳቸውን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉ ደብዳቤውን ያውጡ፤ ከተማውን፣ ሥራቸውንና የልጁን ታሪክ ይለውጡ።