ሪሴት ከመጫንዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። የሊጥ ማቡኪያው ሞተር በድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ሳጥን) ነው የሚሠራው። ጠዋት የመጀመሪያውን ሊጥ ደህና ያቦካል። ሁለተኛው ላይ ቀጥ ይልና ማሳያው «ኦ.ኤች» ይላል። ሪሴት እንጫናለን፤ እምቢ ካለ ብሬከሩን አጥፍተን እናበራለን። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ መልሶ ይቆማል። የጠራሁት ባለሙያ «ድራይቩ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብዎን ገና አያውጡ። የሞተ ድራይቭ በየቀኑ አንድ ሙሉ ሊጥ አያቦካም። «ኦ.ኤች» በብዙ ድራይቮች ላይ «ሞቄያለሁ» ማለት ነው። እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ነው የቆመው። ሪሴት ሲጫኑ ጽሑፉ ይጠፋል፤ ሙቀቱ ግን እዚያው ነው።

እኔ የምጠረጥረው ዱቄቱን ነው። አንድ ጊዜ ፒያሳ ኬክ ቤት ተጠርቼ የድራይቩን ፋን ሳየው በዱቄት ተለስኖ ጭራሽ አይዞርም። ፋኑ ብቻ ተቀየረ፤ ድራይቩ ዛሬም ይሠራል።

ስለዚህ በኤሌክትሪሽያን ያስጸዱት። ብሬከሩ ይጥፋ፤ ከዚያ ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ መመሪያው የበለጠ ካለ ያንን ያህል ይጠበቅ። ባለ 380 ቮልት ድራይቭ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ከ500 ቮልት በላይ ይዘው ይቆያሉ። ማሳያው ጠፋ ማለት ባዶ ሆኑ ማለት አይደለም፤ በቴስተር ይለካ። ዱቄቱ በብሩሽና በቫኪዩም ይነሳ። በኮምፕሬሰር አይነፋ፣ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኛው ድራይቭ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀነሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። 10 አምፔር የተጻፈበት ድራይቭ እኛ ጋ 8.7 ገደማ ነው ማለት ነው። ሻጮች ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ያናድደኛል። የሞተርዎ አምፔር ከድራይቩ ጋር እኩል ከሆነ ጠንካራ ሊጥ ላይ መጋሉ አይቀርም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርዎ። ሪሴት ከመጫንዎ በፊት የማስነሻውን ማብሪያ ወደ ማጥፊያ ይመልሱት። እንደበራ ከቀረ አንዳንዱ ድራይቭ ሪሴት አይቀበልም፤ አንዳንዱ ደግሞ ወዲያው ይነሳል። ሠራተኛዎ እጇን ሊጡ ውስጥ ከታ ቢነሳስ? ድራይቩ በፎልት (በብልሽት ምልክት) ከቆመ በኋላ በራሱ የሚነሳበት ማስተካከያ ካለ ዛሬውኑ ያስዘጉት። እባክዎ፣ ለነገ አይበሉ።

ብሬከሩን ማብራት ማጥፋቱም ይቅር፤ የድራይቩን የኃይል መግቢያ ያደክማል።

ምናልባት ሌላ ቀን ገና ሲነሳ «ኦ.ሲ» (ከመጠን ያለፈ ከረንት) ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ሪሴት አይደጋግሙ። ኬብሉ ወይም ሞተሩ ሾርት ሊኖረው ይችላል። ሞተሩ በሜገር (የሽቦ ሽፋንን በከፍተኛ ቮልት በሚፈትሽ መሣሪያ) የሚለካው ከድራይቩ ተፈትቶ ነው፤ አለዚያ ድራይቩን ራሱን ያቃጥለዋል።

ካስጸዱ በኋላ ሁለቱንም ሊጥ አቡክተው ማሳያው ላይ ያለውን አምፔር ያንብቡ። እሱንና ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይጻፉልኝ፤ ትልቅ ድራይቭ ያስፈልግዎት እንደሆነ ያኔ እነግርዎታለሁ።