«መሬቱ ማዳበሪያ ለመደብኝ» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰኔ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ጭቃ ጭቃ ይሸታሉ። ዘንድሮም አልቀረም። ጥቂቶቹን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ረዘም ብያለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ከወገራ፦ «ጋሼ፣ መሬቱ ማዳበሪያ ለመደብኝ። አባቴ ያለ ምንም ነገር ገብስ ያፍስበት የነበረ ማሳ፣ ዛሬ ዩሪያ ካልበላ አያበቅልም። ብጨምርለትም ምርቱ ያው ነው። ሱስ ያዘው ይባላል?»

ወንድሜ፣ መሬትህ ተርቦ ነው እንጂ ሱስ አልያዘውም። እስኪ በየዓመቱ ከማሳህ የሚወጣውን ቁጠረው። ፍሬው ወደ ጎተራ፣ ገለባው ለከብት። ከአጨዳ የተረፈችውንም የሰፈሩ ከብት ይግጣታል። በእበት ይመለስለታል እንዳንል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ይነዳል። ታዲያ ለመሬቱ ምን ቀረው? በከረጢት የምታመጣው ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ይዟል። አፈሩን እርስ በርሱ የሚያያይዘው፣ ውኃም የሚያቆርለት ብስባሽ ግን ከረጢቱ ውስጥ የለም። ብስባሽ በሌለበት ከማዳበሪያው ብዙውን ጎርፍ ይዞት ይሄዳል።

ይህን ሞክር። ከማሳህ አንድ ደረቅ ጓል አንሣ። ሌላውን ከአጥርህ ሥር፣ ሣር በቅሎበት ለዓመታት ካልታረሰ ቦታ ውሰድ። የግማሽ ሎሚ ያህል ይሁኑ። ሁለት ብርጭቆ ውኃ አቅርብና ቀስ ብለህ አንድ አንዱን ክተት። እኔ ባለፈው ዓመት ስሞክረው፣ የማሳው ጓል ጀበናው ሳይፈላ ተፈረካክሶ እንደ ዱቄት ብርጭቆው ሥር ተኛ። የአጥሩ ጓል ትንሽ አረፋ ተፋና እንደተቀመጠ ቀረ፤ ውኃው እንኳ አልደፈረሰም። ያንን ጓል አጣብቆ የያዘው የሣሩ ሥር፣ የፈንገሱ ድርና የትሉ ልፋጭ ነው። የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ማሳህ ላይ የሚሆነውም ብርጭቆው ውስጥ ያየኸው ነው። (አፈርህ ዋልካ ከሆነ ዋልካን ከዋልካ ጋር አወዳድር። ከቀይ አፈር ጋር ካወዳደርከው ያሳስትሃል።)

ሌላም ነገር አለ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውኃው ካልሲየሙን እያጠበ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል። ዩሪያም ለዓመታት ሲደጋገም ያባብሰዋል። የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳየው ፒኤች የሚባለው ልኬት (ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የገብሱን ሥር ያሳጥረዋል። የጣልከው ፎስፈረስም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ብርህን ቀበርከው ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ከረጢት ከመሸከምህ በፊት በወረዳው ግብርና ባለሙያ በኩል አፈርህን አስመርምር። አሲዱን የሚያበርደው ኖራ ያስፈልገዋል ከተባለ፣ መጠኑ የሚወሰነው በምርመራው ውጤት ነው። ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይበተንና ከአፈሩ ጋር ይታረሳል። ጎረቤት በተነ ብለህ አትበትን።

ማዳበሪያውን እርግፍ አድርገህ ተው አልልህም። እንዲያ ካደረግህ የምትራበው አንተ ነህ። ከቤትህ አጠገብ ካለችው አንዲት ጥማድ ጀምር። ያለህ እበት ሁሉ ወደ እሷ ይሂድ። ገብሱን በባቄላ አፈራርቅ። ኩበቱን ምን ይተካው ትለኝ ይሆናል። ከባዱ እሱ ነው። እናቶቻችን ኩበት የሚያነዱት ወደው አይደለም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ፍጆታውን ይቀንሳል። አራት አምስት ከብት ላለው ደግሞ ባዮጋዝ ነው ደጉ፤ እሳቱ ለቤት፣ ዝቃጩ ለማሳ።

ከአዘዞ፦ «ጓሮዬ አልጋ ብታክል ነው። ኮምፖስት ልሥራ ብዬ የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ ስከምር ከረምኩ። ሸተተ። ዝንብ ወረረን፣ ጎረቤት አኮረፈ። አፈር ስሆን መላ በለኝ!»

አፈር መሆኑን ተዪውና አፈር መሥራቱን እናስተካክለው። ክምርሽ የሸተተው አየር አጥቶ ነው። እርጥብ በእርጥብ ላይ ከምረሻል። ለአንድ ሣፋ እርጥብ ሁለት ሦስት ሣፋ ደረቅ ያስፈልገዋል፦ ገለባ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን። በመሀል በመሀል አፈር በተን አድርጊበት። የቡና አተላ ግሩም ነው። የጠላ አተላም ይሆናል፣ ከደረቅ ጋር ካቀላቀልሽው። ሥጋ፣ ዘይትና የወጥ ትራፊ ግን ድርሽ እንዳይል፤ ዝንቡን የጠራው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ረዘም ያለ ደረቅ እንጨት መሀሉ ድረስ ሰክተሽ ተዪው። በሳምንቱ ስትነቅዪው ሞቅ ካለና ወዝ ካለው እየተብላላ ነው። ቀዝቅዞ ከረጠበና ከሸተተ ደረቅ ጨምሪ። ደርቆ ነጭ ሻጋታ ካበቀለ ውኃ አርከፍክፊበት። በሦስት ሳምንት አንዴ ማገላበጥ ይበቃል። እኔ የመጀመሪያውን ክምሬን እንደ ወጥ በየቀኑ ሳማስለው ሙቀት የሚባል ነገር ሳያይ ክረምቱ አለቀ። ደግሞ በክረምት ከመሬት በላይ ነው የሚከመረው፤ ጉድጓድ የበጋ ነው። ሦስት አራት ወር ቆይቶ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ሲሸትሽ፣ ደርሷል።

ከቆላድባ፦ «ጣናን የወረረውን እምቦጭ አውጥተን ኮምፖስት ብናደርገውስ? ጭራሽ መሬታችንን አይወርብንም?»

ይሆናል፣ ግን በጥንቃቄ። እምቦጭ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውኃ ስለሆነ መጀመሪያ ይድረቅ። ሐምራዊ አበባው ዘር ሳይቋጥር ነው የሚወጣው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሚገድለው በደንብ የጋለ ክምር ነው። ክምሩ ጎርፍ ወደ ሐይቁ ከሚጠርግበት ቦታ ይራቅ። ማሳ ላይ እንኳ ቢበቅል ያለ ውኃ የትም አይደርስም። የሚያሰጋው ተመልሶ ጣና መግባቱ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ሥራ ሌላ ደስታም አለው። እምቦጩ ሐይቁ ላይ የሰባው ከመገጭና ከሌሎቹ ወንዞች ጋር ከማሳ ታጥቦ በወረደ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጭምር ነው። እናንተ የምታወጡት የገበሬውን ማዳበሪያ ነው።

ከጯሂት፦ «ለሽምብራ ባዮ ማዳበሪያ ተሰጠን። ጎረቤቴ ተጠቅሞ ምንም አላየሁም አለ። ልጣለው?»

አትጣለው። እሽጉ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ፀሐይ ይገድለዋል። ጎረቤትህ ዘሩን የለወሰው ደጅ ላይ አስጥቶ እንደሆነ ጠይቀው። ጥላ ሥር ለውስና ወዲያው ዝራ፣ ወዲያው አልብሰው። ሲያብብ አንዷን ሽምብራ ሥሯ ሳይበጠስ ቆፍረህ አውጣ። ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍርህ ሰንጥቅ። ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን እየያዘልህ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም።

ከጭልጋ፦ «ከአጨዳ በኋላ ማሳውን ማቃጠል አፈር ያለመልማል ይላሉ። እውነት ነው?»

ለአንድ ዓመት እውነት ይመስላል፤ አመዱ ትንሽ ያነቃዋል። ናይትሮጅኑና ካርቦኑ ግን ጭስ ሆኖ ሄዷል፣ አፈሩም ራቁቱን ቀርቷል። አታቃጥሉ።

ከአንገረብ ወንዝ ከላይ፣ ከተዳፋቱ፦ «ከበላዬ የሚያርሰው ጎረቤቴ የፈሰሱን ውኃ ወደ እኔ ለቀቀው። ሁለት ክረምት ሳይሞላ በሬ የሚውጥ ቦረቦር ተከፈተ። ሽማግሌ ላስቀምጥ ወይስ እርከን ልሥራ?»

ሁለቱንም፤ ሽማግሌው ግን ይቅደም። ፈሰስ ማውጣት ነውር አይደለም፣ ጤፉ ውኃ እንዳይተኛበት ነው። ጥፋቱ ቁልቁል ማውጣቱና መድረሻውን አለማሰቡ ነው። ከ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ተጠረገ ማለት 10 ሜትር ኩብ ነው። ሲመዘን ከ100 ኩንታል ይበልጣል። የእናንተ አፈር ደግሞ መድረሻው የጎንደር ሰው ውኃ የሚጠጣበት አንገረብ ግድብ ነው። ግድቡን ደለል እየሞላው እንደሆነ ከተሜውም ያውቃል።

ስምምነቱ ይህን ይመስላል። የሁለታችሁም ፈሰስ ወደ ድንበሩ ይግባና ሰፋ ባለ፣ ሣር በለበሰ አንድ ቦይ ይውረድ። ውኃው ከቦረቦሩ አናት ላይ ካልተቀለበሰ የምትሠሩት ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ በጥር፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ቦረቦሩ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ዝቅ ዝቅ ያሉ ክትሮች ሥሩ። ድንጋዩን ስትክቡ መሀሉን ዝቅ አድርጉት። እኩል ከሆነ ውኃው ጥግ ጥጉን ፈልፍሎ ያልፋል። ከበላዩ ደሾ ሣርና ሰስፓንያ የሚባለው ቁጥቋጦ ይተከል፣ ከብትም አይግባበት። ሣሩ እየታጨደ ለከብት ሲሆን ጎረቤትህም ይጠቀማል፤ እርቁም በዚያው ይጸናል።

ሽማግሌዎቹን ግን ዝናብ እየጣለ ማሳው ድረስ ውሰዳቸው። ውኃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በዓይናቸው ይዩት። ቤት ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ከሰሙት ሁለታችሁም ልክ ትመስላላችሁ።